ለውጭ የሚሰቀል የእንጨት የቤት ቁጥር፦ ከቫርኒሹ በፊት የሚታዩ ነገሮች

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ነው። ለአባቴ ቤት ከዋንዛ ጣውላ የቤት ቁጥር ሠርቼ የግቢው በር ምሰሶ ላይ ሰቅዬ ነበር። ጣውላው 28 ሴንቲ ሜትር ወርድ አለው። እንዳይጣመም ብዬ ከጀርባው ሁለት ቁራጭ አቁሜ በነጭ ኮላና በምስማር አጣበቅሁ። ቁጥሩን ቀርጬ ፊቱን ሦስት ጊዜ ቫርኒሽ ቀባሁት። ክረምቱ እንዳለፈ መሐሉ ተሰነጠቀ፣ ቫርኒሹ ተላጠ፣ በምስማሮቹ ዙሪያም ጠቆረ። አናጢው ‹ቫርኒሹ ርካሽ ስለሆነ ነው› አለኝ። ጎረቤት ‹የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀባው› ይለኛል። ሌላው ደግሞ ‹ኤምዲኤፍ አይሰነጠቅም› አለኝ። እኔ ግን አሁን ክብ የግንድ ቁራጭ ላይ መሥራት አምሮኛል። ኮምቦልቻ ላለው ወንድሜም አንድ እሠራለታለሁ። የትኛው እንጨትና የትኛው ቫርኒሽ ይሻላል? አሮጌውስ ይድናል?»

ምላሽ፦

ቫርኒሹ ጥፋት አለበት፤ ጣውላውን የሰነጠቀው ግን እሱ አይደለም። ገበያ ላይ ያለውን ውዱን ቢቀቡትም ኖሮ በዚያው ዓመት ይሰነጠቅ ነበር። የሰነጠቁት ከጀርባ ያቆሟቸው ሁለቱ ቁራጮች ናቸው። «የትኛው ቫርኒሽ?» የሚለው ጥያቄ የመጨረሻው ነው። ከእሱ በፊት ሁለት ነገር መመለስ አለበት። እንጨቱ ሲያብጥና ሲኮማተር ቦታ አለው ወይ? የገባበት ውሃስ በየት ይወጣል?

እንጨት ደርቆ፣ ተልጎ፣ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ በኋላም ከአየሩ ጋር እርጥበት መቀያየሩን አያቆምም። በደረቁ ወራት ከክብደቱ ከ8 እስከ 10 በመቶ የሚሆን ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማውን ሲያለብስ፣ ዝናብ ባይነካው እንኳ 16 በመቶና ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል። በርዝመቱ፣ ማለትም ክሩ በሄደበት አቅጣጫ፣ ለውጡ እዚህ ግባ አይባልም። በወርዱ ግን የእርስዎን የሚያህል ጣውላ በበጋና በክረምት መካከል 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ሊሰፋና ሊጠብ ይችላል። ትንሽ ይመስላል። ጉልበቱ ግን ትንሽ አይደለም። ድሮ ድንጋይ የሚፈልጡ ሰዎች ደረቅ እንጨት ስንጥቁ ውስጥ ሸጉጠው፣ ውሃ እያጠጡ አለት ይከፍሉ ነበር።

አሁን የእርስዎን ሥራ እንየው። የዋናው ጣውላ ክር አግድም ነው። የኋላዎቹ ቁራጮች ክር ቁም ነው። ጣውላው በወርዱ ማበጥ ሲፈልግ ቁራጮቹ በርዝመታቸው ንቅንቅ አይሉም። ኮላውና ምስማሩ ቀፍድደው ያዙት። ክረምቱን ሙሉ ማበጥ ስላልቻለ እርስ በርሱ ተጨፈለቀ። መስከረም ጠብቶ ፀሐይ ሲወጣ ደግሞ መኮማተር ፈለገ፤ አሁንም ተያዘ። ማምለጫ ሲያጣ መሐሉን ቀደደ። ከጀርባ ቁራጭ ማድረግዎ ልክ ነበር፤ ጣውላ እንዳይጣመም ይረዳል። ችግሩ ማጣበቅዎ ነው። ነጭ ኮላ ለቤት ውስጥ ዕቃ እንጂ ለዝናብ አልተሠራም። እዚህ ላይ ግን ውሃ የማይፈታው ኮላ ቢሆን ኖሮ የባሰ ይጎዳው ነበር፤ ይበልጥ አጥብቆ ይይዘዋልና።

ሁለተኛው ምክንያት የተቆረጡት ጫፎች ናቸው። እንጨት ዛፍ ሳለ ውሃ የሚያመላልስባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች አሉት። ጣውላውን ግራና ቀኝ ሲቆርጡት የቱቦዎቹ አፍ ይከፈታል። ስለዚህ ጫፉ ከፊቱ ይልቅ በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ውሃ ይጠጣል። ብዙ ሰው ግን ፊቱን ሦስት ጊዜ ይቀባና ጫፉን በብሩሹ ትራፊ አብሶ ያልፈዋል። ጀርባውንማ ጭራሽ አይነካውም። ውሃው በጫፍና በጀርባ ይገባል። ከፊት በኩል ቫርኒሹ ስለከደነው መውጫ ያጣል። ፀሐይ ሲያሞቀው ወደ ፊት ይገፋና ቫርኒሹን ከሥር ያነሳዋል።

የቫርኒሹ ድርሻ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። እንደ ልብ የሚገኘው ቫርኒሽ ለአልጋ፣ ለቁም ሳጥን፣ ለጠረጴዛ የሚሆን ነው። ጥርት ያለ ስለሆነ የፀሐይን ጨረር ያሳልፋል። ጨረሩ ከሥሩ ያለውን እንጨት ይመታና ክሩን አያይዞ የያዘውን ሊግኒን የተባለ ነገር ይሰብረዋል። ያኔ ቫርኒሹ ራሱ ደህና ሆኖ ሳለ የተጣበቀበት ፊት ይፈርሳል። የተላጠውን ቅርፊት ገልብጠው ቢያዩት ቀጭን የእንጨት ብናኝ ተጣብቆበት ያገኛሉ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አልትራቫዮሌት ጨረር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በ10 በመቶ ያህል እየጨመረ ይሄዳል። ስለዚህ ቆላ አገር ላይ ተሞክሮ በጣሳው ላይ «ይህን ያህል ዓመት ይቆያል» ተብሎ የተጻፈውን፣ እዚህ ሲሆን ቀንሰው ይውሰዱት። የቤት ዕቃ ሠሪዎች ለማንጸባረቂያ የሚወዱት ጎማላካም ለውጭ አይሆንም። ውሃ ሲነካው ይነጣል።

ጥቁረቱ ሁለት ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ መለየቱ ይጠቅማል። በምስማሩ ዙሪያ የተወሰነው ጥቁረት የብረት ነው። ብዙ እንጨት ውስጥ ታኒን አለ፤ ቆዳ የሚለፋበት ዓይነት ነገር ነው። ታኒን እርጥብ ብረት ሲያገኝ ይጠቁራል። በሰፊው የተበተነ ነጠብጣብ ከሆነ ግን ሻጋታ ነው። በረኪና በብዙ ውሃ በጥብጠው አንድ ጠብታ ያኑሩበት። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከጠፋ ሻጋታ ነበር። ካልጠፋ ብረት ወይም ቆሻሻ ነው። ከዚያ በንጹሕ ውሃ ይጠቡት።

የጎረቤትዎን ምክር አይቀበሉ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት በአጥር ቋሚ ላይ ሲቀባ እናያለን፤ ምክሩም ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። ይህ ዘይት አይደርቅም። ልብስ ይነካል፣ አቧራ ይሰበስባል፣ ከላዩ ምንም ቀለም አይዝም። ከሁሉም የሚከፋው ግን ውስጡ ከሞተሩ የወጣ የብረት ርዝራዥና ለካንሰር የሚያጋልጥ ነገር መያዙ ነው። ልጆች በሚነኩት የግቢ በር ላይ ቦታ የለውም።

ኤምዲኤፍ አይሰነጠቅም የተባለው እውነት ነው። የሚያደርገው ማበጥ ነው። የተፈጨ እንጨት በሙጫ ተጨምቆ የተሠራ ስለሆነ ውሃ አንዴ በጠርዙ ከገባ ይነፋል፤ ሲደርቅም ወደ ቦታው አይመለስም። ቁጥር ቀርጸውበት ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱ ቅርጽ አዲስ የውሃ በር ነው። ችፑድም ያው ነው። ኮምፔንሳቶ ከሁለቱም ይሻላል፤ ነገር ግን ለውጭ ተብሎ ውሃ በሚችል ሙጫ የተሠራ ካልሆነ ንብርብሩ ይላቀቃል። ኤምዲኤፍንና ችፑድን ግን ይተዉት።

ክብ የግንድ ቁራጩን በተመለከተ ላሳዝንዎ ነው። ቅርፊቱ ዙሪያውን ቀርቶ፣ ቀለበቶቹ እየታዩ፣ መሐሉ ላይ ቁጥር ሲቀመጥበት በእርግጥ ያምራል። ውጭ ግን አይሆንም። እንጨት ሲደርቅ በቀለበቶቹ ዙሪያ የሚኮማተረው ከመሐል ወደ ቅርፊት ከሚኮማተረው ሁለት እጥፍ ገደማ ነው። ዙሪያው ሲያጥር መሐሉ በዚያው ልክ አያጥርም። ስለዚህ ከጫፍ እስከ መሐል የሚደርስ ስንጥቅ ይከፍታል። በዚያ ላይ ቁራጩ ፊቱም ጀርባውም ሙሉ በሙሉ የተቆረጠ ጫፍ ነው፤ ያ ሁሉ ቱቦ አፉን ለዝናብ ከፍቶ ይቆማል። ቅርፊቱም ከሥሩ ነፍሳት ያስጠልልና ኋላ ይወድቃል። ሳሎን ውስጥ ይስቀሉት፤ እዚያ ዕድሜ አለው።

ወደ እንጨት ምርጫ እንለፍ። ለደሴ የውጭ ሥራ የእኔ ምርጫ አንድ ነው፦ የአበሻ ጽድ። ውስጠኛው ቀላ ያለ ክፍሉ በተፈጥሮው መበስበስንም ምስጥንም ይቋቋማል። ከብዙዎቹ እንጨቶች ያነሰ ይንቀሳቀሳል፣ ለመሮ ይመቻል፣ ሲላግ ደግሞ ሽታው የሥራ ቤቱን ያውደዋል። ጉድለቱ በቀላሉ መተርተሩ ነው። በትራፓኖ ሳይበሱ ቪቴ ወይም ምስማር ከመቱበት ይሰነጠቃል። ከቅርፊቱ ሥር ያለው ነጣ ያለ ክፍል ደግሞ ያን ጥንካሬ የለውም፤ ያን ቆርጠው ይጣሉት።

ጽድ ከተፈጥሮ ደን ቆርጦ ማውጣት እንደማይፈቀድ ያውቃሉ። እኔም አዲስ የተቆረጠ ፈልጉ አልልም። የፈረሰ ቤት እንጨት ይፈልጉ። ደሴ ውስጥ የቆዩ ቤቶች ሲፈርሱ የበር መቃን፣ ቋሚ፣ ማገር ከጽድ የሆነ ይገኛል። ብዙ ዓመት የደረቀ ስለሆነ ከማንኛውም አዲስ ጣውላ ይበልጣል። ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። በመጋዝ ከመግባትዎ በፊት የተደበቀ ምስማር ይፈልጉ። አሮጌ ቀለም ካለበት ደግሞ በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አይፈግፍጉት፤ የቆየ የዘይት ቀለም ውስጥ እርሳስ ሊኖር ይችላል፣ ብናኙም ለልጆች መርዝ ነው። ውጭ ሆነው፣ አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው፣ በውሃ እያራሱ ይፋቁት፤ ፍቅፋቂውንም ሰብስበው ያስወግዱት።

ጽድ ካጡ ዋንዛ ሁለተኛ ነው። የዋንዛም ልቡ ጠንካራ ነው፤ ነጩ ክፍሉ ግን ቶሎ ይነቅዛል። የእርስዎ ጣውላ ጠርዙ ላይ ነጣ ያለ ክፍል እንዳለው ይመልከቱ። የፈረንጅ ጽድ በደንብ ከደረቀና ሙሉ በሙሉ በዘይት ቀለም ከተሸፈነ ይሠራል። ዝግባ ለመቅረጽ ደስ ይላል፤ እርጥበት ላይ ግን ቶሎ ይሻግታል፣ ይበሰብሳል። ባህር ዛፍ በእጃችን ያለው እሱ ቢሆንም ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይተረተራል። ወይራ ብርቱ ነው፤ ግን ሳይሰነጠቅ ማድረቅ ትዕግሥት ይጠይቃል፣ መሮውንም ያደክማል።

መድረቁን በዓይን አይመኑ። «ከረመ» ብሎ የሚሸጥልዎ ሰው ዝናብ ላይ አክርሞት ሊሆን ይችላል። ለአየር ማድረቅ የተለመደው ግምት ለ2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ጣውላውን ቆርጠው ባለ ግራም ሚዛን ላይ ይመዝኑት፤ ክብደቱን እዚያው ላይ በእርሳስ ይጻፉ። ዝናብ በማያገኘው፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ አኑረው በሳምንቱ ደግመው ይመዝኑ። እየቀለለ ከሄደ ገና ነው። ሳምንት ከሳምንት ካልተለወጠ ከአየሩ ጋር ተስማምቷል፤ ያኔ ይሥሩት።

አሁን ቅርጹ። አንድ ሰፊ ጣውላ አይጠቀሙ። ሁለት ጠባብ ይሁን። እኔ ብሆን ላይኛውን 13 ሴንቲ ሜትር፣ ታችኛውን 8 ሴንቲ ሜትር ወርድ፣ ሁለቱንም 36 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 2.2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አደርጋቸዋለሁ። በመካከላቸው 5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተዉ። ክረምት ላይ ሲያብጡ ወደዚያ ይሄዳሉ፤ ውሃም እዚያ ሳይተኛ ይወርዳል። ከጀርባ 3 ሴንቲ ሜትር ወርድና 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት ቁራጮች ያቁሙ። ኮላ የለም። እያንዳንዱን ጣውላ ከጀርባ በኩል፣ በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ በወርዱ እኩሌታ፣ በአንድ ቪቴ ብቻ ይሰሩት። በጠቅላላው አራት ቪቴ ነው፤ 3.5 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ይበቃል። ጣውላው ከመሐል ተይዞ ወደ ላይም ወደ ታችም እንደ ልቡ ያብጣል፣ ይኮማተራል። ፊቱ ላይ አንድም የቪቴ አናት አይታይም። ቪቴው ከማይዝግ ብረት ወይም ከነሐስ ይሁን። ጥቂት ብር ይጨምራል፤ ያ ጥቁረት ግን አይመጣም።

የላይኛውን ጣውላ አናት ወደ ፊት ዘንበል አድርገው ይላጉት፤ ውሃ እንዳይተኛበት። ጠርዞቹን ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት ያደብዝዙ። ስለታም ጠርዝ ላይ ቀለም ይሳሳል፣ መላጥም የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ቁጥሩን በተመለከተ፣ ከ10 ሴንቲ ሜትር ያነሰ አይሁን። ያ ቁመት መንገድ ማዶ፣ 12 ሜትር ያህል ርቆ ለቆመ ሰው በደንብ ይነበባል። ማታ አምቡላንስ ወይም እንግዳ ቤቱን ሲፈልግ የሚያስፈልገው ይህ ነው፤ ጌጥነቱ ሁለተኛ ነው። ብዙ ሰው የግዕዝ ቁጥር እንዲቀረጽለት ይፈልጋል፤ እኔም እወደዋለሁ። 147ን ፻፵፯ ብሎ ቀርጾ ማየት ደስ ይላል። ነገር ግን መንገደኛው ሁሉ አያነበውም። ላይኛው ጣውላ ላይ 147 በትልቁ፣ ታችኛው ላይ ፻፵፯ በትንሹ ይሁን። የግዕዝ ቁጥሮች ከላይና ከታች ሰረዝ አላቸው። በሰረዙና በቁጥሩ መካከል የሚቀረው እንጨት በጣም ከሳሳ፣ በተለይ በጽድ ላይ፣ መሮው ሲነካው ተፈንጥሮ ይወጣል። ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር ይተዉለት። ሲቀርጹ ደግሞ የጉድጓዱ ወለል ጠፍጣፋ ሳይሆን ሁለቱ ጎን ተዳፍቶ ታች የሚገናኝ ይሁን። ውሃ አይጠራቀምበትም፤ ጥላውም ቁጥሩን ያጎላዋል።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ይህ ሥራ ማዘጋጃ ቤቱ ወይም ቀበሌው የሰጠውን ቁጥር አይተካም። ይፋዊው ሰሌዳ ካለ ባለበት ይቆይ፤ የእርስዎ አይሸፍነው።

አሁን ወደ ቀለሙ ደረስን። ሦስት አማራጭ አለ። ጥርት ያለ ቫርኒሽ የግድ ካሉ ለውጭ የተሠራና ጨረር የሚከላከል ይሁን፤ አምስት ወይም ስድስት ጊዜ ይቀባል፣ በየዓመቱም ከላይ ይታደሳል። አንዴ መላጥ ከጀመረ ሁሉም ተፍቆ እንደገና ነው። ሙሉ የዘይት ቀለም ከሁሉም ብዙ ዓመት ይቆያል፤ የጽዱን መልክ ግን ይደብቃል። እኔ የምመክርዎ ሦስተኛውን ነው፦ ቀለም የገባበት የተልባ ዘይት። ሽፋን አይሠራም፤ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ስለዚህ የሚላጥ ነገር የለም፤ ሲደበዝዝ ጠርጎ መድገም ብቻ ነው።

ዘይቱ ግን ቤት የምናውቀው ጥሬ የተልባ ዘይት አይደለም። ያ ለመድረቅ ሳምንታት ይፈጃል፣ በደሴ ክረምትም ሻጋታ ይጋብዛል። ቤት ውስጥ ማፍላትም መፍትሔ አይደለም፤ እሳት ያስነሳል። ቀለም መሸጫ ውስጥ ማድረቂያ የተጨመረበት «የተፈላ» የሚባለው አለ፤ እሱን ይግዙ። አንድ ብርጭቆ ዘይት፣ ግማሽ ብርጭቆ አኳራጅ (የዘይት ቀለም ማቅጠኛ)፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ለሲሚንቶ የሚቀላቀለው ቡናማ ወይም ቀይ የዱቄት ቀለም። ይህ ዱቄት የብረት ኦክሳይድ ነው፤ ጨረሩን እንጨቱ ጋ ሳይደርስ የሚያስቀረው እሱ ነው። መጀመሪያ በትርፍ ቁራጭ ላይ ሞክረው መልኩን ይዩ።

ጽድ የራሱ ዘይት ስላለው መጀመሪያ አኳራጅ በነካ ጨርቅ ይጥረጉት። ከዚያ ፊቱንም፣ ጀርባውንም፣ ጠርዙንም አንዴ በስሱ ይቀቡ። የተቆረጡት ጫፎች ላይ መጠጣት እስኪያቆሙ ደጋግመው ያጠጧቸው። ከሩብ ሰዓት በኋላ የተረፈውን በጨርቅ ይጥረጉ፤ የተኛ ዘይት ሙጫ ሆኖ ይቀራል። ሲደርቅ የተቀረጸው ውስጥ ነጭ የዘይት ቀለም ይግባ። ያም ሲደርቅ የፈሰሰውን በብርጭቆ ወረቀት ያንሱትና ቁጥሩን እየዘለሉ ሁለት ጊዜ ዘይቱን ይድገሙ። ዘይት የነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ ራሱን በራሱ አሙቆ ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግተው ውጭ ያድርቁት ወይም ውሃ ውስጥ ይንከሩት። ይህን እንደ ቀልድ አይውሰዱት።

ወቅቱም ወሳኝ ነው። በልጉ ሲያባራ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ግንቦት መጨረሻና ሰኔ መግቢያ ላይ ጥሩ ነው። ጥቅምትም ይሆናል። ኅዳርና ታኅሣሥ ፀሐዩ ቢያታልልም ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ዘይቱ ሳይደርቅ ጤዛ ይወርድበታል። በእነዚያ ወራት ከሆነ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ውስጥ ቀብተው ማታ ወደ ቤት ያስገቡት።

ሲሰቅሉ ከጀርባ ያሉትን ሁለት ቁራጮች ከላይም ከታችም 3 ሴንቲ ሜትር እንዲወጡ አስረዝሟቸው። ግድግዳው ጋ የሚታሰሩት በዚያ ነው። ቁራጮቹ ራሳቸው ጣውላውን ከግድግዳው 2 ሴንቲ ሜትር ያርቁታል፤ ጀርባው አየር ያገኛል። የግንብ ወይም የድንጋይ አጥር ከሆነ በትራፓኖ በስተው ፊሸር (ቪቴውን የሚይዘው የፕላስቲክ መሰኪያ) እና ቪቴ ይጠቀሙ። ብሎኬት ባዶ ቦታው ላይ ከተበሳ ተራ ፊሸር አይዝም፤ ሙሉ የሆነውን ክፍል ወይም የብሎኬቱን መጋጠሚያ ይፈልጉ። የጭቃ ግድግዳ ከሆነ ፊሸሩን ይርሱት፤ ከውስጥ ያለውን ቋሚ እንጨት አግኝተው እዚያ ላይ ይምቱት። የቆርቆሮ በር ላይ አይስቀሉት። ይግላል፣ በሩ በተዘጋ ቁጥርም ይናጋል።

ቦታው ከቀለሙ ይበልጣል። ምሰሶው ላይ ከመሆን ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ ጠብታ ከማይወርድበት ቦታ ቢሆን ዕድሜው ይረዝማል። የግድ ምሰሶው ላይ ከሆነ ከላዩ ትንሽ የላሜራ ክዳን ያድርጉለት፤ ከጣውላው ወደ ፊት 3 ሴንቲ ሜትር ይውጣ። ምዕራብን የሚያይ ፊት የከሰዓትን ፀሐይ በቀጥታ ስለሚቀበል ከሁሉም ቶሎ ያስረጃል።

ኮምቦልቻ ለወንድምዎ ያው አሠራር ይሆናል፤ ሁለት ነገር ግን ይቀየራል። ከተማዋ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅም 600 ሜትር ያህል ዝቅ ብላ ነው ያለችው፤ ሙቀቱ ሌላ ነው። ጥቁር ቡናማ ጣውላ ከሰዓት ላይ በጣም ይግላል፤ ይተረተራል። የዱቄት ቀለሙን ቀንሰው ፈካ ያለ ያድርጉት፣ ቁጥሩን ደግሞ በጥቁር ይቀቡ። ሁለተኛው ምስጥ ነው። ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ብዙም አያሰጋም። ወንድምዎ መሬት የተተከለ ቋሚ ላይ ማድረግ ካሰበ ግን ቋሚው የብረት ቱቦ ይሁን። ደሴ ሠርተው የሚልኩለት ከሆነ ደግሞ ከመስቀሉ በፊት እዚያው ጥላ ውስጥ ሁለት ሳምንት ያቆየው። አየሩን ይልመድ፤ ከዚያ ቪቴዎቹን ያጥብቅ።

በየዓመቱ ግንቦት ላይ አውርደው በለስላሳ ብሩሽና በውሃ ይጠቡት፣ ያድርቁት፣ አንዴ ዘይት ይቀቡት። ጠብታ ውሃ ፊቱ ላይ ሲያደርጉ ድቡልቡል ብሎ ከተቀመጠ ዘይቱ ገና አለ፤ ወዲያው ከሰረገ አልቋል። ይህን ማድረግ የማይመችዎ ከሆነ አሁኑኑ ሙሉ የዘይት ቀለም ይምረጡ።

አሮጌው ይድናል። የኋላዎቹን ቁራጮች በጥንቃቄ ያላቁ፣ ምስማሩን ሁሉ ይንቀሉ። ስንጥቁን በኮላም በስቱኮም አይሙሉት፤ በሚቀጥለው ክረምት ይከፈታል። ይልቅ በስንጥቁ ላይ በመጋዝ ለሁለት ይክፈሉት፣ ሁለቱንም ጠርዝ ይላጉ፣ የጠቆረውንና ነጣ ያለውን ክፍል ቆርጠው ያውጡ። ሁለት ጠባብ ጣውላ ይኖርዎታል። ስንጥቁ በቁጥሩ መሐል ካለፈ ጀርባውን ወደ ፊት አዙረው እንደገና ይቅረጹ። ፊት የነበረውን ቫርኒሽ እስከ ጥሬው እንጨት ይፋቁት፤ ካልተፋቀ ዘይቱ አይገባም። ከዚያ እላይ እንዳልኩት በአራት ቪቴ ይሰሩትና በረንዳ ሥር ይስቀሉት። ዋንዛ ስለሆነ ምሰሶው ላይ አይመልሱት፤ ለዚያ ጽዱን ይፈልጉ።